ስለ አቋቋም

ሰው ቆሞ ሲታይ ሥራ የፈታ ይመስላል። «ምን ቆመህ ታየኛለህ?» እንላለን፤ ከእኩዮቹ ኋላ የቀረውንም «ቁሞ ቀር» ብለን እንተርበዋለን። ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋችን ክብደት ያለውን ጉዳይ «ቁም ነገር»፣ በቀላሉ የማይናወጠውን አስተሳሰብ «አቋም»፣ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ ብዙ ዓመታት የሚፈጀውን የማኅሌት ትምህርት ደግሞ «አቋቋም» ብሎ ሰይሟል። መቆም በአንድ ወገን የሥራ ፈትነት ምልክት፣ በሌላው ወገን የቁም ነገር ሁሉ መሠረት ሆኖ የተገኘው ለምን እንደ ሆነ ለረጅም ዘመን አስቤበት አላውቅም ነበር። እንዳስብበት ያስገደደኝ መቆም ያቃተኝ ዕለት ነው።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርሁት በውዝዋዜ ሙያ ነው። በወጣትነቴ በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ ተወዛዋዥ ነበርሁ፤ ዕድሜዬ ሲገፋም ወጣቶችን ወደ ማሠልጠኑ ዞርሁ። አንድ ምሽት ከተማሪዎቼ ጋር በልምምድ ላይ ሳለን የአዳራሹ መብራት ድንገት ጠፋ። የመብራት መጥፋት ለማናችንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ከበሮ መቺው ምቱን አቋረጠ፤ ተማሪዎቹ በያሉበት ቆመው ሲሳሳቁ ይሰማኛል። እኔም እንደ እነሱ ቆሜ ነበር። ማንም ሳይነካኝ፣ አንዳች ነገርም ሳያደናቅፈኝ፣ ከቆምሁበት ስፍራ እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቅሁ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ መውደቄን ያወቅሁት ወለሉ ትከሻዬን ሲመታኝ ብቻ መሆኑ ነው። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ቀጥ ብዬ የቆምሁ ይመስለኝ ነበር።

መብራቱ ሲመለስ ተማሪዎቼ ከብበውኝ ነበር። አንዳቸውም አልሳቁም፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ እንጂ። የዚያን አተያይ ትርጉም አላጣሁትም። አካሄዴ መለወጡን፣ ደረጃ ስወርድም ግድግዳ ግድግዳውን መፈለጌን ያዩ ሰዎች «መጠጥ ጀምሯል» ማለታቸው ቀደም ሲል ከጆሮዬ ደርሶ ነበር። ለሐሜቱ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱን እኔም አላውቀውም ነበርና።

እውነቱን ለመናገር ምልክቶቹ ከታዩ ቆይተው ነበር። በመጀመሪያ የእግር ጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ። ቀጥሎም የምረግጠው ወለል ሁሉ ጥጥ የተነጠፈበት መሰለኝ። አንድ ቀን ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ መቅረቱን ሳላውቅ ከግቢው በር እስከ ቤቴ ደጃፍ ደረስሁ። ጠዋት ፊቴን በሳሙና አሽቼ ዓይኔን ስጨፍን ሰውነቴ ወደ ግድግዳው ያዘነብል ጀመር። በልምምድ ላይ ደግሞ፣ በተለይ እግር ወለሉን በፍጥነት እየደበደበ በሚጨፈርበት በጉራጌ ጭፈራ፣ እግሬ ከከበሮው ምት ኋላ መቅረት አበዛ። ጥፋቱን በወለሉ አሳበብሁ፤ «ሳንቃው ላልቷል» አልሁ። መስተዋት ፊት ስቆም ግን ሁሉም ነገር ይቃና ነበር። ዓይኔ የእግሬን ሥራ ደርቦ ይሠራ እንደ ነበር ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከወደቅሁ በኋላ ሳልወድ በግዴ ወደ ሐኪም ሄድሁ። ሐኪሟ በመጀመሪያ የእግሬን ጉልበት ፈተነች። «ይግፉ» ስትለኝ ገፋሁ፤ «ይሳቡ» ስትለኝ ሳብሁ። የጡንቻዬ ኀይል እንዳለ ነበር። ቀጥላም ጭራ የመሰለ ቀጭን የናይለን ክር አወጣች። ክሩ በ10 ግራም ኀይል ሲጫኑት እንዲጎብጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ዓይኔን አስጨፍና «ሲነካዎት ይንገሩኝ» አለችኝ። ልትጀምር ነው ብዬ በትዕግሥት ስጠብቅ ለካ ውስጥ እግሬን በሙሉ ነካክታ ጨርሳለች።

በመጨረሻ ከመሳቢያዋ ያወጣችው መሣሪያ ግን አስገረመኝ። ሙዚቀኞች ቃና የሚያስተካክሉበት፣ ባለ ሁለት ጣት ሹካ መሰል ብረት ነበር። ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1711 የፈለሰፈው ጆን ሾር የተባለ እንግሊዛዊ መለከት ነፊ ነው። ሐኪሞች ከሙዚቃ ቤት ተውሰው ለሙያቸው ያዋሉት በሴኮንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበውን ዓይነት ነው። ሐኪሟ ብረቱን መታ አድርጋ እጀታውን በእግሬ አውራ ጣት አጥንት ላይ አቆመችው። «ሲንቀጠቀጥ ይሰማዎታል?» አለችኝ። የብረቱ ወፍራም ድምፅ ለጆሮዬ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር፤ ቃናውንም በአፌ ላዜመው እችል ነበር። እግሬ ግን አልሰማም። ወደ ቁርጭምጭሚቴ አመጣችው፤ አልሰማም። ጉልበቴ ላይ ስታደርሰው ከሩቅ እንደሚመታ ከበሮ ሆነ። እጄ ላይ ስታቆመው ግን እንደ ንብ ቀፎ አስተጋባ። ዕድሜዬን ሙሉ ሙዚቃ ያዳመጥሁ ሰው፣ እግሮቼ መደንቆራቸውን የተረዳሁት በሙዚቃ መሣሪያ አማካይነት ሆነ።

የደም ምርመራው ምክንያቱን ገለጠ። የስኳር በሽታ ለብዙ ጊዜ ሳላውቀው በሰውነቴ ውስጥ ኖሮ፣ ከእግሬ ወሬ የሚያመጡትን ነርቮች ጎድቷቸዋል። በዚያ ወራት ከሐኪሟ የጠየቅሁትን፣ ከዚያም ወዲህ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ለአንባቢ ባጭሩ ላቅርብ።

የቆመ ሰው እንደ ሐውልት የረጋ አይደለም። የሰውነታችን የክብደት ማዕከል ከእምብርት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። ክብደቱ የሚያርፈው ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ወደ ፊት ባለ ቦታ ላይ በመሆኑ፣ የቆመ ሰው ሁልጊዜ ወደ ፊት ለመውደቅ የተዘጋጀ ነው። ባቱ ይህን እየተከታተለ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ከመጠን በላይ እንዳይስበውም መልሶ ላላ ያደርግለታል። ይህ መሳብና መልቀቅ ያለ ማቋረጥ ይካሄዳል። ቆሞ የሚጠብቅ ወታደር፣ ወረፋ የያዘች እናት፣ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ መምህር፣ ሁሉም ሳያውቁት ይህን ረቂቅ ውዝዋዜ ይወዛወዛሉ።

ለዚህ ሥራ አንጎል ሦስት መልእክተኞች አሉት። አንደኛው ዓይን ነው። ሁለተኛው በጆሮ ውስጠኛ ክፍል የሚገኘው የሚዛን መሣሪያ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ያሉት ሦስት የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ቦዮች የራስን መዞርና መዘንበል ይናገራሉ። ሦስተኛው ከውስጥ እግር ቆዳ፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚነሣው ስሜት ነው። ይህ ሦስተኛው በትምህርት ቤት ከቆጠርናቸው ከአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መካከል ስሙ አይገኝም። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» ብሎታል፤ ሰውነት ራሱን የሚሰማበት ስሜት እንደ ማለት ነው። ሼሪንግተን በነርቭ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አፍንጫውን በጣቱ የሚያገኘው፣ ተወዛዋዥም እግሩን ሳያይ የሚረግጥበትን የሚያውቀው በዚህ ስሜት ነው። ቀስ ብሎ የሚመጣውን መዘንበል ከዓይንና ከጆሮ ይልቅ ቀድሞ የሚያውቀውም እግር ነው። በጨለማ ውስጥ ስወድቅ ቀጥ ብዬ የቆምሁ የመሰለኝ ለዚህ ነበር። ዓይኔን ጨለማው ጋረደው፤ እግሬ ዝም አለ፤ ጆሮዬ ብቻውን ያን ዝግተኛ መዘንበል ሊይዘው አልቻለም።

እግር ዝም የሚለው እንዴት ነው? ከእግር ጣት የሚነሣው የስሜት ነርቭ ክር ሕይወቱን የሚያገኘው በአከርካሪ አጠገብ ካለ ሴል ነው። ረጅም በሆነ ሰው ከዚያ እስከ አውራ ጣት ያለው ርቀት አንድ ሜትር ያህል ነው። በዓይን የማይታይ ሴል እስከዚህ ድረስ ስንቅ መላክ አለበት። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ነርቩንና ነርቩን የሚመግቡትን ደቃቅ የደም ሥሮች ሲጎዳ፣ አስቀድሞ የሚራበው መንገዱ የረዘመው ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ከጣት ጫፍ ተነሥቶ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉልበት አካባቢ በደረሰ ጊዜም የእጅ ጣቶች መደንዘዝ ይጀምራሉ። ከማዕከሉ የራቀው አስቀድሞ ይጎዳል፤ ለማዕከሉ የቀረበው እስከ መጨረሻ ይቆያል።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ስለ ሙያዬ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። የጉራጌው ጭፈራ አስቀድሞ ከእኔ የራቀው የሚጨፈረው በእግር ስለ ሆነ ነው። እስክስታዬ ግን ምንም አልጎደለበትም፤ የትከሻ ነርቭ መንገዱ አጭር ነውና። በበርጩማ ላይ ተቀምጬ ማሲንቆ ሲመታ ትከሻዬ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ይንቀጠቀጣል። በሽታው ሰውነቴን በቅርብና በሩቅ ከፍሎ ሲዘርፈው፣ ያገራችንን ውዝዋዜም አብሮ ከፍሎ አሳየኝ።

እንደ እኔ በጨለማ የወደቁ ሰዎች በሕክምና ታሪክ ውስጥ የቆየ ስፍራ አላቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በርሊን ይኖር የነበረው ሐኪም ሞሪትስ ሮምበርግ አንዳንድ ሕመምተኞቹ ዓይናቸው ተገልጦ ሲቆሙ ደኅና ሆነው፣ ጨፍኑ ሲባሉ የሚወዛወዙና የሚወድቁ መሆናቸውን ጻፈ። የእነዚህ ሰዎች ሕመም የቂጥኝ በሽታ በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነበር። ፔኒሲሊን ከተገኘ ወዲህ ያ ጉዳት እየጠፋ ቢሄድም የሮምበርግ ፈተና ዛሬም በየሐኪም ቤቱ ይሠራበታል። እግርን ገጥሞ መቆም፣ ዓይንን መጨፈን፣ ከዚያም የሚሆነውን ማየት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያሻውም።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የነካው ግን የኢያን ዋተርማን ታሪክ ነው። ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የ19 ዓመት ወጣት ሳለ ታመመ፤ ገላውን ከበሽታ ሊከላከል የሚገባው ኀይልም ተሳስቶ የራሱን የስሜት ነርቮች አጠቃ። ከአንገቱ በታች የመዳሰስና የሰውነቱን አኳኋን የማወቅ ስሜቱ ጠፋ። ሙቀትና ቅዝቃዜን፣ ሕመምንም ይሰማል፤ የጡንቻዎቹ ኀይልም አልተነካም። ነገር ግን ካላያቸው በስተቀር እጆቹ የት እንዳሉ አያውቅም፤ መቀመጥ እንኳ አልቻለም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በዓይኑ እየተከታተለ፣ በሐሳቡ እያዘዘ፣ ከመቀመጥ ወደ መቆም፣ ከመቆም ወደ መራመድ ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ታገለ። ሐኪሙ ጆናታን ኮል ታሪኩን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ላይ የዚህን ሰው ኑሮ በየቀኑ ከሚሮጥ ማራቶን ጋር አመሳስሎታል። ዋተርማን ቆሞ ሳለ መብራት ከጠፋ ይወድቃል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለብዙ ጊዜ ዝም አልሁ። የእኔ ጉዳት ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ያቺን የጨለማ ቅጽበት ግን ሁለታችንም እናውቃታለን።

እግር ዝም ሲል አቋቋም ይለወጣል። ሰውየው እግሮቹን አራርቆ ይቆማል፤ መሠረቱ ሲሰፋ መውደቅ ይከብዳልና። እርምጃው ያጥራል። ወለሉን ለማግኘት እግሩን ከሚገባው በላይ ያነሣል፤ ሲያሳርፈውም ጧ ያደርገዋል። በቁርጭምጭሚት ሊስተካከል የሚገባውን ትንሽ መዘንበል በዳሌው ስለሚያስተካክል ከወገቡ ይቀጠፋል። ጉልበቱን ያገትራል፤ ትከሻውንና አንገቱን ያደርቃል። ከሁሉም በላይ ዓይኑ ከመሬት አይነሣም። ራስ ወደ መሬት ሲያቀረቅር ጀርባ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ጀርባ ደግሞ ክብደቱን ወደ ፊት አምጥቶ ሚዛኑን ይብሱን ያከብደዋል። ሰው ይህን ሲያይ ሰካራም ወይም ያረጀ ይለዋል። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ «ቀና በሉ፣ ዓይናችሁን ወደ ተመልካቹ!» እያልሁ የኖርሁ መምህር፣ በገዛ መድረኬ ላይ አቀርቅሬ የምሄድ ሆንሁ። ቀና ማለት የሚችለው እግሩን የሚያምን ሰው መሆኑን የተማርሁት ዘግይቼ ነው።

የስሜት ነርቭን የሚጎዳው የስኳር በሽታ ብቻ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ አልኮል ማብዛት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኢሶኒያዚድ የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለሚወስዱ ብዙ ሕመምተኞች ቫይታሚን ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው ነርቭ እንዳይጎዳ ነው። ላገራችን ግን ከሁሉ የቆየው ትምህርት የመጣው ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘ። ተሕዋሱ ከቆዳ ሥር የሚያልፉትን ነርቮች ሲጎዳ ሕመምተኛው እሾህ ሲወጋው፣ ጠጠር ሲልጠው አይሰማውም፤ እግሩ የሚቆስለውና የሚቆራረጠው በአብዛኛው ይህ ዝምታ በሚያስከትለው ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናና የተሐድሶ ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ከመላው አፍሪካ የመጡ ባለሙያዎችን አስተምሯል። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በምርኩዝ ተደግፈው ሲያዘግሙ ያየናቸውን ሰዎች «እግዜር የቆጣቸው» እያልን ስናልፍ፣ እነሱ ስሜት በሌለው እግር የመቆምን ከባድ ጥበብ በየዕለቱ ይሠሩ ነበር። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ሐኪሟ ዱላ እንድይዝ መከረችኝ። እምቢ አልሁ። ተወዛዋዥ ዱላ የሚይዘው ለፉከራ ነው እንጂ ለድጋፍ አይደለም አልሁ። ለብዙ ወራት ሕመሜን ከተማሪዎቼ ደበቅሁ፤ ከመምሸቱ በፊት ልምምድ እየጨረስሁ፣ ሁልጊዜ መስተዋት ፊት እየቆምሁ፣ የሐሜቱን ጽዋ ዝም ብዬ ጠጣሁ። ሰካራም መባልን አካለ ጎደሎ ከመባል የመረጥሁ ይመስለኛል። ይህ የኩራት ሳይሆን የፍርሃት ሥራ ነበር። በዚህም መካከል ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፤ በሁለተኛው የእጄ አንጓ ተሰበረ።

እጄ በጄሶ ታስሮ በተቀመጥሁባቸው ሳምንታት አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ አቋቋምን ጎንደር በአታ የተማሩ ደብተራ ነበሩ። በልጅነቴ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያድሩ አይቻለሁ። በዝማሜ ጊዜ አንድ ተማሪ ክብደቱን በሙሉ መቋሚያው ላይ ከጣለ «እንጨቱ ላይ አትተኛ፤ አልጋ አይደለም!» ብለው ይቆጡ ነበር። እሳቸው መቋሚያቸውን የሚይዙት እንቁላል እንደ ያዘ ሰው በለስላሳ እጅ ነው። ምርኩዝ የያዘ ሁሉ ተደግፏል ብዬ ለማስብ ለእኔ የአባቴ ቁጣ ትርጉም የለሽ ነበር።

ትርጉሙን ያገኘሁት ሩቅ አገር በተሠራ ምርምር ውስጥ ነው። ጄካና ላክነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ ውጤት አሳትመው ነበር። ሰዎችን አንዱን እግር ከሌላው ፊት አሰልፈው አቆሟቸው፤ በጣታቸው ጫፍም አንድ የማይነቃነቅ ብረት እንዲነኩ አደረጉ። የንክኪው ኀይል ከአንድ ኒውተን፣ ማለትም ከ100 ግራም ገደማ ክብደት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይህን ያህል ኀይል ሰውን ደግፎ ማቆም አይችልም። ሆኖም የሰዎቹ መወዛወዝ በእጅጉ ቀነሰ፤ የቀነሰውም ብረቱን አጥብቀው ሲደገፉት ከሚቀንሰው ባላነሰ መጠን ነው። ጣት ለእግር መልእክተኛ ሆነችለት ማለት ነው። ኋላ የእግር ስሜታቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ሲሞከርም ይኸው ታየ። እንግዲህ አባቴ የተቆጡት በከንቱ አልነበረም። በትር ክብደት ከመሸከሙ በፊት ወሬ ይነግራል፤ አጥብቆ የተንጠለጠለበት ሰው ወሬውን ያጣዋል።

ጄሶው በተፈታ በሳምንቱ ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። በእጄ ቀላል ሽመል ይዤ ነበር። ተማሪዎቼን በክብ አቆምኋቸውና ጫማቸውን አስወለቅሁ። «በአንድ እግራችሁ ቁሙ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኋቸው። ከመካከላቸው ለብዙ ጊዜ የቆመ አልነበረም፤ ሣቅና ጫጫታ ሆነ። «አሁን ደግሞ በጣታችሁ ጫፍ ብቻ የጎረቤታችሁን ክንድ ንኩ፤ የሚገፋም የሚደገፍም እንዳይኖር» አልሁ። ዳግመኛ ጨፈኑ። ክቡ ሁሉ እንደ ረጋ ውኃ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ እግሬ ነገርኋቸው። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሹካው ብረት፣ በጨለማው ስለ ወደቅሁበት ምሽት፣ ስለ ወለሉ ሳንቃ ስለ ዋሸሁትም ጭምር ነገርኋቸው። ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ተማሪ ጥቂት ዝም ብላ «ጋሼ፣ ታዲያ ያን ቀን መብራት ሲጠፋ ለምን አልጠሩንም?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ዛሬም አላገኘሁም።

የተጎዳ ነርቭ በቀላሉ አይድንም። የስኳርን መጠን መቆጣጠር ጉዳቱ እንዳይገሠግሥ ያግዛል፤ የሚዛን ልምምድ የቀሩትን መልእክተኞች ያተጋል፤ የደነዘዘ እግር ያለው ሰውም ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በዓይኑ ማየት አለበት፤ እግሩ ራሱ «ቆስያለሁ» አይለውምና። ከሙያ ባልደረቦቼ የምለምነው ግን ሌላ ነው። መምህር የሆናችሁ፣ አቀርቅሮ የሚሄደውንና ግድግዳ የሚፈልገውን የሥራ ጓደኛችሁን ከማማታችሁ በፊት «እግርህ ይሰማሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። በቴአትር ቤት የምትሠሩ፣ ትእይንት ሲለወጥ መድረኩን በሙሉ በምታጨልሙበት ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ትንሽ አምፑል አትንፈጉን። በእኛ አዳራሽ የመብራት ባለሙያው ሳልጠይቀው በባትሪ የምትሠራ አንዲት መብራት ከከበሮው አጠገብ ሰቅሏል። መብራት ሲጠፋ ዓይኔ እሷን ይይዛል፤ እጄ ሽመሌን ይነካል፤ እቆማለሁ።

ስለ አቋም ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ጽኑ አቋም ያለው ሰው ሲባል ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው በዓይነ ሕሊናችን ይመጣ ነበር። እግሬ ያስተማረኝ ከዚህ የተለየ ነው። የቆመ ሰው ሁሉ ይወዛወዛል። ጸንቶ የሚቆየው ከታች የሚመጣለትን ወሬ ሰምቶ ራሱን በየቅጽበቱ የሚያርም ነው። ራስ ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያዝ ቢመስልም እግር ዝም ያለው ዕለት አብሮ መሬት ላይ ይገኛል፤ ያውም ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ እያለ።